ምሽግ ወይስ በረት? በወጨጫና በየረር መካከል ያሉ ጥንታዊ ቅጥሮችን ስለ ማንበብ



አቃቂ ቃሊቲ ሜዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ዝቋላ፣ በሰሜን እንጦጦ ይታዩታል። ሀርትዊግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በወጨጫና በየረር መካከል የመካከለኛውን ዘመን የሰፈራ ቦታዎች የፈለጉበት ነው። የፍለጋቸው ዋና ዓላማ ባራራ የተባለችው የነገሥታት ከተማ ነበረች።

ባራራ ተረት አይደለችም። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ስሟ ተጽፏል፤ እርሱም የሐበሻን ምድር የሣለው ከኢትዮጵያውያን ካህናት ተረድቶ መሆኑን ገልጿል። አሌሳንድሮ ዞርዚ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመነኮሳት አፍ የሰበሰበው የጉዞ መዝገብም ይጠቅሳታል። ይህን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ክሮፎርድ ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች ጥንታዊ ቦይና ካብ በማንበብ ፈር ቀዳጅ የነበረ ሰው ነው፤ ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከስም ወደ አፈር ስንወርድ ነው። የእንጦጦው ባለ አምስት ማዕዘን ቅጥር የድንጋይ ግንብና ማማዎች ስላሉት የመከላከያ ሥራ ነው ማለት አያስቸግርም። ሜዳ ላይ ያለ የአፈር ክምርና ቦይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። ቦዩ ከክምሩ ውጭ ከሆነ የሚመጣውን ለመግታት የተቆፈረ ይመስላል፤ በውስጥ በኩል ከሆነ ግን በረትን መጠርጠር ይሻላል። በሩ ወዴት ይመለከታል? ውኃው ከቅጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? የንጉሥ መቀመጫ ሁሉ ግንብ ነበረው ብለን ማሰብም አይገባንም። አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ያየው የልብነ ድንግል ከተማ በመጋረጃ የታጠረ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚተከል የድንኳን ሰፈር ነበር።

የአቃቂ መረሬ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የነበረ የሸክላ ስብርባሪ ወደ ታች ይገባል። በክረምት ያብጣል፤ ከታች ያለው ይነሣል። ስለዚህ ከማሳ ላይ በተለቀመ ገል ብቻ የቅጥርን ዕድሜ መወሰን አልቀበልም። ከክምሩ ሥር የተገኘ ከሰል ክምሩ ከእርሱ በኋላ መሠራቱን፣ ከቦዩ ሙሌት ግርጌ የተገኘው ደግሞ ቦዩ አስቀድሞ መቆፈሩን ያመለክታል። እዚህም ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 17ኛው መጀመሪያ ያለው የራዲዮካርቦን ማስተካከያ መስመር ጠፍጣፋ በመሆኑ፣ አንድ ከሰል እ.ኤ.አ. በ1529 ከተደረገው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በፊት ይሁን በኋላ መለየት እጅግ አዳጋች ነው።

የዘመናችን ክርክር ያረፈውም በዚሁ ዘመን ላይ ነው። ባራራ የሚለው ስም የአዲስ አበባ ባለቤትነት ሙግት ውስጥ ገብቷል፤ አንዱ ወገን ቅጥሩን እንደ ርስት ማስረጃ ያቀርባል፣ ሌላው ስሙን ሲሰማ ይቆጣል። ቦይ የቆፋሪውን ቋንቋ አይመዘግብም። ለሁለቱም ወገን የምለው ይህንኑ ነው።

እነርሱ ሲከራከሩ ቦታው እየጠበበ ነው። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ድንጋጌው ግን የሚሠራው አግኚው ያገኘውን ሲያውቀው ነው፤ ለግሬደር ነጂ፣ በዝናብ የተሸረሸረ ጥንታዊ ክምር መደልደል ያለበት ጉብታ ነው።