እሾህን በእሾህ፡- የረጅም ሌንስ ክብደት እንዴት ቀነሰ?

በስታዲየም ዳር ወይም በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ፎቶግራፈሮች መድፍ የሚያህል ሌንስ ተሸክመው የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል፡፡ ሆኖም ቀለማት ሁሉ እኩል አይታጠፉም፤ ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጥ ይታጠፋል፡፡ በመሆኑም ቀለማቱ አንድ ነጥብ ላይ ስለማይገናኙ በምስሉ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ጥላ ይፈጠራል፡፡ ችግሩ በረጃጅም ሌንሶች ላይ ይብሳል፡፡ የተለመደው መፍትሔ የተለያየ ባሕርይ ያላቸውን መስታወቶች መደርደር ሲሆን፣ ይህም ሌንሱን ያረዝመዋል፤ ያከብደዋልም፡፡

ሌላም መንገድ አለ፡፡ ብርሃን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ እርከኖች ሲያልፍም አቅጣጫውን ይቀይራል፡፡ ይህ ዲፍራክሽን ይባላል፡፡ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይበልጥ የሚታጠፈው ቀዩ ነው፡፡ ሁለቱ በአንድ ሌንስ ውስጥ ሲጣመሩ የአንዱን ጥፋት ሌላው ያካክሰዋል፡፡ እሾህን በእሾህ ማለት ይኸው ነው፡፡

አስቸጋሪው ነገር አንድ ባለእርከን ገጽ ብቻውን ሲሆን ከብርሃኑ የተወሰነውን ወዳልተፈለገ አቅጣጫ መበተኑ ነበር፡፡ የጃፓኑ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾችን ፊት ለፊት በማጋጠም መላ ማግኘቱን አስታወቀ፤ በ2001ም ባለ 400 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ለገበያ አቀረበ፡፡ ኒኮን በ2015 ያወጣው ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ 755 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ይህም ከቀዳሚው ግማሽ ያህል ነው፡፡ ኒኮን ዘዴውን «ፌዝ ፍሬኔል» ይለዋል፡፡ ስያሜው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ለባሕር መብራት ማማዎች ባለእርከን ሌንስ ከሠራው ፈረንሳዊ ፊዚሲስት ከኦገስተን ፍሬኔል የመጣ ነው፡፡ የማማው እርከኖች ግን በዓይን የሚታዩ ሲሆኑ፣ የካሜራው የሚለኩት በማይክሮን ነው፡፡

ታዲያ ጉድለት የለውም? አለው፡፡ ፀሐይ ወይም ደማቅ መብራት ፊት ለፊት ሲገጥመው በብርሃኑ ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት ሊታይ ይችላል፡፡ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየተጓዘ ወፍ ለሚያነሣ ሰው ይህ ኢምንት ነው፤ የክብደቱ መቀነስ ይበልጥበታል፡፡ የምሽት መድረክ ለሚያነሣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፡፡ «ገዢ ይጠንቀቅ» የሚለው የቆየ የሕግ አባባል እዚህም ይሠራል፡፡ ሻጩ ክብደቱን ይነግርዎታል፤ ሌንሱን ወደ መብራት አዙሮ ማየት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው፡፡