ችፌ (ኤክዚማ)፦ ዓይነቶቹ፣ መንስኤዎቹና ሕክምናው

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቅባት የሚባባስ የቆዳ ሕመም እንመለከታለን። በሕክምናው ኤክዚማ፣ በአገርኛው ችፌ ይባላል።

ችፌ ምንድን ነው?

ችፌ ቆዳ የሚደርቅበት፣ የሚቆጣበትና አጥብቆ የሚያሳክክበት ሕመም ነው። በቀላ ያለ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለ ወይም አመድማ ነው። ሲታከክ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያዣል፤ ሲቆይ ደግሞ ቆዳው ይወፍራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ፦ ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም ሆነ በመጨባበጥ አይይዝም፤ ስለዚህ ልጅን በዚህ ምክንያት ከእኩዮቹ መለየት አይገባም። የሚተላለፉት እከክና ጭርት ናቸው። እከክ ቆዳ ውስጥ በሚገባ ጥቃቅን ተባይ፣ ጭርት ደግሞ በፈንገስ ይመጣል። ቤተሰቡ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ እከክን መጠርጠር ይገባል።

ዓይነቶቹ

1. አቶፒክ ችፌ፦ አንዳንዶች "የቆዳ አስም" ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት ይጀምራል። በጨቅላዎች ጉንጭ ላይ፣ ከፍ ባሉት ልጆች ክርን እጥፋት፣ ቋንጃና አንገት ላይ ይወጣል።

2. የንክኪ ችፌ፦ ቆዳን የሚጎዳ ወይም አለርጂ የሚያስነሳ ነገር ሲነካ የሚመጣ ነው። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ሽቶ፣ የጌጣጌጥ ኒኬልና የፀጉር ቀለም ዋናዎቹ ናቸው። በአረብ አገራትም ሆነ በአገር ቤት በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን እጃቸው የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለዒድና ለሠርግ የሚደረገው "ጥቁር ሂና"ም ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ቆዳን ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል።

3. ሰቦሪክ ችፌ፦ ራስ ቅል፣ ቅንድብና የአፍንጫ ዳር ላይ እንደ ፎረፎር የሚቀረፍ ነው።

4. የሳንቲም ቅርጽ ያለው ችፌ፦ ክብ በመሆኑ ከጭርት ጋር በቀላሉ ይምታታል።

5. የመዳፍ ችፌ፦ በጣቶች ጎንና በመዳፍ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል።

መንስኤዎቹ

ጤናማ ቆዳ እርጥበትን በውስጡ ይይዛል፣ ጀርምና ቆሻሻን ደግሞ ይከለክላል። ለዚህ ከሚረዱት ፕሮቲኖች አንዱ ፊላግሪን ነው። ፊላግሪን በዘር ምክንያት የሚያንሳቸው ሰዎች ቆዳቸው ቶሎ ይደርቃል፤ የሰውነት መከላከያም በቀላሉ ይቆጣል። አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ባለበት ቤተሰብ አቶፒክ ችፌ የሚበዛውም ከዘር ጋር ስለሚያያዝ ነው። የበጋ ደረቅ ብርድ፣ ላብ፣ አቧራ፣ የሱፍ ልብስና ጭንቀት ያባብሱታል። በአንዳንድ ሕፃናት ምግብም ሊያስነሳው ይችላል፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ምክር ወተትን ወይም እንቁላልን ማስተው ልጁን ለምግብ እጥረት ያጋልጣል።

ሕክምናው

አቶፒክ ችፌ አንድ ጊዜ ታክሞ የሚጠፋ ሕመም ባይሆንም በደንብ ሊቆጣጠሩት ይቻላል፤ ብዙ ልጆችም እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል። የሕክምናው መሠረት ማለስለሻ ቅባት ነው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ፣ ሽፍታው ሲጠፋም ሳይቋረጥ ይቀባል። ገላ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ታጥቦ፣ በፎጣ ሳይፈተግ ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ ወዲያው ቫዝሊን መቀባት ይመከራል።

ቆዳው ሲቆጣ ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ያዝዛል። ለፊት እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ቀላሉ፣ ለሌላው አካል ጠንከር ያለው ይመረጣል። በሌባ ጣት ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣ ቅባት፣ የአዋቂ ሰው ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። በአግባቡ ከተጠቀሙበት የሚያስፈራ መድኃኒት አይደለም። አደጋው ያለ ማዘዣ እየገዙ ለወራት መቀባቱ ላይ ነው፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም ይህንኑ ጠንካራ ስቴሮይድ ይዘዋል። ጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ ማሳከኩን ጋብ አድርጎ ፈንገሱን ያስፋፋዋል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም ፌጦ መለጠፍ የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላል። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች አሉ።

ውዱእና ችፌ

ቆዳ በቀን ደጋግሞ ሲታጠብ ይደርቃል። ስለዚህ ለውዱእ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ መጠቀም፣ ሳሙና አለመጨመር፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ማድረቅና ከውዱእ በኋላ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ውሃ ቁስሉን እንደሚጎዳበት ሐኪም የነገረው ሰው ስለ ተየሙም ዓሊም ይጠይቅ።

ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ?

ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ማር የመሰለ ቅርፊት ካወጣ መታየት ያስፈልጋል። ትኩሳትና የሚያሙ፣ የተጠጋጉ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች በአንድ ላይ ከታዩ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ግድ ነው፤ የኸርፐስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃሉ። ስትሄዱ እስካሁን የቀባችሁትን ቅባት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ሕመሙን ለመለየት ይረዳዋል።