ከራጅ እስከ ራዲያን

ሐኪሙ «ራጅ ተነሣ» ሲል፣ ሰውየው «ሬዲዮ ክፈት» ሲል፣ የፊዚክስ መምህሩም ሰሌዳ ላይ ክብ ሥሎ «ራዲየሱ ስንት ነው?» ሲል ሦስቱም አንድ ቃል እየተናገሩ ነው። የላቲኑ «ራዲዩስ» ዘንግ ማለት ነበር። የሠረገላን መንኮራኩር እምብርት ከጠርዙ ጋር የሚያያይዘው እንጨትም፣ ከፀሐይ የሚፈነጥቀው ጨረርም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ጣልያኖች «ራጆ» አሉት፤ ሲበዛ «ራጂ» ይሆናል፤ የእኛ ራጅ የመጣው ከዚያ ነው። ራጅና ሬዲዮ ጨረሩን ወረሱ፤ የጂኦሜትሪው ራዲየስ ደግሞ እንጨቱን።

ከዚህ ቤተሰብ እኔ አብልጬ የምወደው ታናሹን፣ ራዲያንን ነው። ቃሉ መጀመሪያ ታትሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1873 በፈተና ወረቀት ላይ ነው። ፈተናውን ያወጣው በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጄምስ ቶምሰን፣ የሎርድ ኬልቪን ታላቅ ወንድም ነበር። ትርጉሙ ስሙ ውስጥ አለ፦ ራዲየሱን የሚያህል ክር ቆርጠህ በክቡ ጠርዝ ላይ ብታጥፈው፣ ክሩ ከእምብርቱ ሲታይ የያዘው ማዕዘን አንድ ራዲያን ነው፤ ወደ 57.3 ዲግሪ ይሆናል።

ይህን የማያውቅ ተማሪ ቀላል ጥያቄ ላይ ይሰናከላል። ራዲየሱ 0.3 ሜትር የሆነ የብስክሌት ጎማ በደቂቃ 120 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ ብስክሌቱ በምን ፍጥነት ይሄዳል? ጎማው በሰከንድ ሁለቴ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 2π ራዲያን ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 12.57 ራዲያን። በ0.3 ሲባዛ በሰከንድ 3.77 ሜትር ይመጣል። ተማሪው በዲግሪ ካሰበ ግን 720ን በ0.3 አባዝቶ በሰከንድ 216 ሜትር ያገኛል፤ ይህም በሰዓት ከ770 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ራዲያን ርቀትን በራዲየስ መስፈሪያ ስለሚቆጥር መልሶ በራዲየስ ማባዛቱ ርቀቱን ይሰጣል። ዲግሪ ይህን ዝምድና የለውም።

ጎማ ካነሣን አይቀር፣ የራሳችን መንኮራኩርም ሊጠና የሚገባው ቃል ነው። በግእዝ «አንኰርኰረ» ማለት አንከባለለ ነው። ሥሩ «ኰር፣ ኰር» እያለ ራሱን ይደግማል። ልክ እንደዚሁ አማርኛው «ተሽከረከረ» ሲል «ከረ ከረ» ይላል፤ በ«ተንከባለለ» እና በ«ጠመዘዘ» ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ይደገማል። ዕብራይስጥም መንኮራኩርን «ጋልጋል» ይለዋል። የሴም ቋንቋዎች ዙረትን ድግግሞሽ አድርገው እንደሰሙት ከዚህ ይታየኛል። ዛሬ ስሙ ጎማ ለሌላት የጠፈር መንኮራኩር ተላልፏል።

እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ የሚያጠናው የፊዚክስ ክፍል ስም፣ ሜካኒክስም፣ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። የግሪኩ «ሜኻኔ» ብልሃት፣ የማንሻ መሣሪያ ማለት ነበር። በላቲንና በጣልያንኛ አልፎ መኪና ሆኖ ደረሰን፤ ጋራዥ ውስጥ መኪናውን የሚፈታው መካኒክም የዚሁ ዘር ነው። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው፣ እሱ መጻፉ ግን የሚያከራክረው የጥንት የግሪክ መጽሐፍ «የሜካኒክስ ጥያቄዎች» ይባላል፤ ስለ ማንሻና ስለ መንኮራኩር «ለምን?» እያለ ይጠይቃል። ሜካኒክስን በጥያቄ መማር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

የእኛ ተማሪዎች ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩት «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» ይሸመደዳል እንጂ አይሰማም። ሲበዛ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሁለቱም ቃላት ታሪካቸው ሲታወቅ ፎርሙላውን ራሳቸው ይናገራሉና። «ሞመንት» ሲባል ተማሪው አፍታ ይመስለዋል። የላቲኑ «ሞሜንቱም» ግን እንቅስቃሴ፣ ደግሞም ሚዛንን ወደ አንድ ወገን ለማዘንበል የሚበቃ ትንሽ ክብደት ማለት ነበር። ትንሽ ክብደት ከሚዛኑ መሐል ራቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ትልቁን ያነሣል፤ በሞመንት ስሌት ውስጥ ርቀት ሁልጊዜ የሚገባው ለዚህ ነው።

«ኢነርሺያ» ደግሞ «ኢነርስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ሙያ የሌለው፣ ሥራ ፈት፣ ሰነፍ ማለት ነው። ወደ ፊዚክስ ያስገባው ዮሐንስ ኬፕለር ነበር። በእሱ አስተሳሰብ ፕላኔቶች በተፈጥሯቸው ዳተኞች ናቸው፤ የሚገፋቸው ከሌለ ባሉበት ይቆማሉ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ስሙን ይዞ ሐሳቡን ገለበጠው፦ የቆመ እንደቆመ፣ የሚሄድም በቀጥታ መስመር እንደሄደ ይቀጥላል። ተማሪው ኢነርሺያን የቆመ ነገር ጠባይ ብቻ አድርጎ ሲያስብ፣ ሳያውቀው ኬፕለር ዘንድ ቀርቷል።

ሁለቱን ቃላት አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ሌዎናርድ ኦይለር ነው። ስሙን በአማርኛ ጆሮ ብንሰማው «ከእምብርት በመራቅ የሚበረታ ዳተኝነት» እንደማለት ነው። አሁን አንድ ቀለበትና አንድ ድፍን ክብ ጣውላ በ30 ዲግሪ ካዘነበለ ሳንቃ ላይ እኩል ልቀቃቸው፤ ሳይንሸራተቱ ይንከባለሉ። የቀለበቱ ቁስ ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው፤ ስለዚህ የቁሱን መጠን m፣ ራዲየሱን r ካልን ዳተኝነቱ ሙሉ mr² ይሆናል። የጣውላው ቁስ እስከ እምብርቱ ስለተሠራጨ ዳተኝነቱ የዚያ ግማሽ ነው። ስሌቱ ሲሠራ የጣውላው ፍጥነት በየሰከንዱ በ3.27 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ የቀለበቱ በ2.45 ብቻ። ጣውላው ይቀድማል። ቀለበቱን በከባድ ብረት ብትሠራውም፣ ጣውላውን ብታሳንሰውም ቀዳሚው አይለወጥም፤ m እና r ከስሌቱ ተሰርዘው ይወጣሉ።