የጓሮ ጎመን የማን ነው?

ስለ አዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ቤተ መንግሥቱ ይነሣል፣ ባቡሩ ይነሣል፣ ባሕር ዛፉ ይነሣል። ጓሮው ግን እምብዛም አይነሣም። ሰኔ ሲገባ ጎመን ያልተከለ፣ አጥሩ ሥር ዱባ ያላሳደገ ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ የነበረበት ዘመን እኮ ሩቅ አይደለም። ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ያ ጓሮ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። አንዱ ችግኝ ያመጣል፣ ላም ያለችው ጎረቤት ፍግ ትሰጣለች፣ ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ልጆች አረም ይነቅላሉ። ለመስቀል ጎመኑ ሲቀነጠስ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ መዝግቦ የያዘ ሰው አልነበረም። ሳይጻፍ እንዴት ይሠራ ነበር? ሲጻፍስ ለምን ጠብ አመጣ? ለዚህ ጥያቄ ከቦሌና ከምሥራቁ የከተማችን ክፍል የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው ከመምጣቱ በፊት የእርሻ አገር ነበር። የልደታው ሜዳ ለጄት አልመች ሲል አዲሱ ማረፊያ እዚያ ተሠራና በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች አስገባ። መንገዱን ተከትለው ቪላዎች በቀሉ። በቪላው ፊት ለፊት የባለቤቱ ጽጌረዳ፣ ከኋላ በሰርቪሱ በኩል ደግሞ የዘበኛው ጎመን። ዘበኛው መሬት የለውም፤ ጉልበትና ዕውቀት ግን አለው፤ ብዙውም ከገጠር የመጣ ገበሬ ነውና። ባለቤቱ ደግሞ መሬት እንጂ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከጓሮው ወደ ትልቁ ቤት ወጥ ቤት የሚገባው ይገባል፣ የቀረው የዘበኛው ነው። ገጠር ቢሆን ኖሮ "የእኩል" ይባል ነበር። (በነገራችን ላይ ከጎመኑ ጎን የሚተከለው ቆስጣ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው። ጎመኑ ግን የሐበሻ ጎመን ነው፤ አገሩም እዚሁ ነው።)

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ስለዚህ አዋጅ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ቤቱ ነው። እኔ ግን የማስበው ጓሮውን ነው።

በየግቢው ሰርቪሱ ሌላ ተከራይ ገባበት፣ ጋራዡም ቤት ሆነ። በአንድ በር ለሚገቡ አራትና አምስት አባወራዎች አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ጓሮ ደረሳቸው። መሬቱ የመንግሥት ነው። የመንግሥት ማለት ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የማንም ማለት ነበር። "ይህቺ መደብ የእኔ ናት" የሚል ሰው የሚያሳየው ወረቀት የለውም፤ ያለው ጎረቤቱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ካላመነለት ጎመኑ አያድርም። ስለዚህ ማካፈል ደግነት ብቻ አልነበረም፤ የይዞታ ማረጋገጫም ነበር። ዛሬ አንድ እስር ጎመን የላከ ሰው "መደቧ የእኔ መሆኗን እወቁልኝ" ማለቱ ነው። ጎረቤትም ጎመኑን ሲቀበል ፈረመ ማለት ነው።

ጠብ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዶሮ አለቻ! የእትዬ እገሊት ዶሮ ቡቃያውን ጭራ ስታበላሸው ግቢው ይታመሳል። ግን ጉዳዩ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ከመድረሱ በፊት በቡና ላይ ያልቅ ነበር። ካሳውም ያው እንቁላል ነው።

ይህን ያፈረሰው ክፋት አይደለም፤ ዋጋ ነው። በ1986 የሊዝ አዋጅ ወጣ፣ በ1994 እና በ2004 ደግሞ በአዳዲስ አዋጆች ተተካ። መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ቢቀርም በካሬ ሜትር የሚተመን ሆነ። አጥሮችን ተመልከቱ። ድሮ ቅንጭብ ነበር፤ በመሐሉ እጅ ይገባል፣ እፍኝ ቃሪያ ይተላለፋል። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ፤ ያኔም ቢሆን በቀዳዳው "እትዬ፣ ጤና አዳም አለ?" ይባላል። ከዚያ ብሎኬት፣ ከብሎኬቱም ላይ ስባሪ ጠርሙስ። ጎመኑ በነበረበት የሚከራይ ክፍል ተሠራ። የአንድ ክፍል ኪራይ ከአንድ መደብ ጎመን ስለሚበልጥ በዚህ ሰውን መውቀስ ይከብደኛል።

ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ በኩል፣ የተበላው ጓሮ ሳይሆን ማሳ ነበር። ጤፍና ስንዴ ያበቅሉ የነበሩ ገበሬዎች ካሳ እየተሰጣቸው ተነሡ፤ ብዙዎቹ ካሳው አነሰን ብለዋል፤ ቅሬታውም እያደገ ሄዶ በ2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ እስከ መሰረዝ አድርሷል። ጎመን ከመቅጠፍ ወደ ጎመን መግዛት የዞሩት እነሱም ጭምር ናቸው። የሚገዛው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ እናውቃለን፤ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር በፍሳሽ ውኃ የሚበቅለው ቅጠላ ቅጠል ጎጂ ብረቶች እንደተገኙበት ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። በ2015 ዓ.ም. "የሌማት ትሩፋት" ተብሎ በጓሮ አልሙ ሲባል ብዙ የከተማ ሰው "የቱ ጓሮ?" ማለቱ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም እንምጣ። የመጀመሪያው የሙከራ ግንባታ የተጀመረው እዚሁ ቦሌ፣ ገርጂ ላይ በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነገሩን በደንብ ጽፎታል፤ ቤቱ የግል፣ ከቤቱ ውጪ ያለው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ። እንጀራ ለመጋገርና በግ ለማረድ የጋራ ቤት ሳይቀር ታሰበ። ለጎመን ግን የታሰበ ነገር አልነበረም። እናም ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ በመስኮታቸው ሥር ያለችውን ቁራጭ መሬት በእንጨት ያጥሯትና ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ ይተክላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለው "የጋራችንን አጠሩት" ይላል። ሕጉን ካየን ልክ ነው። እሳቸው ደግሞ "ጭቃና ቆሻሻ የነበረውን ነው ያጸዳሁት" ይላሉ፤ እሱም ልክ ነው። የቀበሌው ጓሮ የማንም ስላልነበረ ለማንም ይተርፍ ነበር፤ ይሄኛው የሁሉም በመሆኑ አንድ ቅጠል ለመቁረጥ ሁሉም መስማማት አለበት።

ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ ይመራል። ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ግማሹ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው፣ ተከራዩ ደግሞ ድምፅ የለውም። ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ክረምቱ ያልፋል፤ የእማማ ጎመንም አብቦ ዘር ይዟል።