ምሽግና ረሃብ በካርቱም

በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት ምሽጎችን የሚጎበኝ ሰው ቅዳሜና እሑድ ልዩ ትርኢት ይገጥመዋል። በጎ ፈቃደኞች የድሮውን ዘመን የወታደር ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ መድፍ ይተኩሳሉ፤ በድንኳን ደጃፍ እሳት አንድደው ምግብ ያበስላሉ። ይህንንም «ሕያው ታሪክ» ይሉታል። በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የታይኮንደሮጋ ምሽግ በዚህ የታወቀ ነው። ተመልካቹ የባሩዱን ሽታ አሽትቶ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ትርኢት የማይታይ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ረሃብ ነው።

የካርቱም ምሽግ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ በፊት የረሃብ ታሪክ ነው። ጄኔራል ጎርደን በየካቲት 1884 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ ሲገባ የተሰጠው ተልዕኮ የግብፅን ጦር ከሱዳን ማስወጣት ነበር። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ግን ድርቡሾች ከበቡት። ከተማዋን በሰሜን ጥቁር ዓባይ፣ በምዕራብ ነጭ ዓባይ ይጠብቋት ነበር፤ በደቡብ በኩል ከወንዝ ወደ ወንዝ የተዘረጋ ጉድባና የአፈር ግንብ ነበራት። ዛሬ የጀብራ ሰፈር ያለበት ሜዳ ከዚያ ግንብ ውጭ፣ በከባቢዎቹ በኩል ነበር።

ከበባው አሥር ወር ፈጀ። እህል ሲያልቅ የከተማው ሰው አህያና ውሻ በላ፤ ሙጫና ቆዳም ሳይቀር ቀመሰ። በነጭ ዓባይ ማዶ የነበረው የኦምዱርማን ምሽግ ስንቁ ተሟጥጦ እጁን ሰጠ። በመጨረሻም የነጭ ዓባይ ውኃ ሲጎድል በግንቡ ጫፍ ክፍት ቦታ ተገኘ፤ ጥር 26 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች በዚያ ገቡ። በረሃብ የደከመው ዘብ ሊመክታቸው አልቻለም። ጎርደን ተገደለ፤ ከእርሱ ጋር ሺሕዎች አለቁ። የእንግሊዝ መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። ዐፄ ዮሐንስ በሰኔ 1884 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በድርቡሽ የተከበበው የግብፅ ጦር በግዛታቸው አልፎ እንዲወጣ ተስማሙ። በመተማ በኩል፣ በገላባት የነበረው ጦር በዚሁ መሠረት በኢትዮጵያ ምድር ወጣ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ ከድርቡሽ ጋር የተነሣው ጠብ ጎንደርን አስቃጠለ፤ በመጋቢት 1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በዚያው በመተማ ቀጠፈ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ታሪኩ ያለ ትርኢት ሕያው ሆነ። ከጀብራ አጠገብ በሸጀራ ያለው የታንከኛ ጦር ሰፈር ተከበበ፤ በዙሪያው ያሉ ሰፈሮችም የጦር ሜዳ ሆኑ። ውኃና መብራት ተቋረጠ፤ ምግብ ጠፋ፤ የየሰፈሩ ወጣቶች በጋራ ድስት እየቀቀሉ ጎረቤታቸውን መገቡ። በከተማዋ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ1885 የገላባት ጦር ያለፈበት በር ለእነርሱም መውጫ ሆነ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው።

ምናልባት አንድ ቀን በካርቱምም የሕያው ታሪክ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ከጎርደን የደንብ ልብስና ከድርቡሹ ጦር ይልቅ መቅደም ያለባቸው የጎረቤት ድስት፣ የውኃ ጀሪካንና በመተማ በር የቆመው መንገደኛ ናቸው። ከበባ ማለት ምን እንደሆነ ለልጅ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸውና።