ድምፅን በጆሮና በጣት ስለ ማረም

በራዲዮ የሚነገር ቃል ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ወደ ጆሯችሁ እስኪደርስ ድረስ በመካከሉ ስንት የሰው እጅ እንደሚያልፍበት ምናልባት አስባችሁበት አታውቁ ይሆናል። ተናጋሪ ያስላል፤ ይደናቀፋል፤ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ትቶ እንደገና ይጀምራል፤ ወረቀቱን ሲገልጥ ያንኮሻኩሻል። ይህን ሁሉ ለይቶ አውጥቶ ንግግሩን ለሰሚ የሚያቃና ባለሙያ አለ። ዛሬ ልንነጋገር ያሰብነው ስለዚሁ ሙያ ታሪክ ነው፤ ይልቁንም በዚህ ሙያ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ክፍት ስለ ነበረው፣ ኋላም ስለ ተዘጋውና በብዙ ድካም እንደገና ስለ ተከፈተው በር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን በ1877 ዓ.ም. ከሠራ በኋላ፣ መሣሪያው ለምን ለምን እንደሚጠቅም በሚቀጥለው ዓመት በአንድ መጽሔት ላይ ዘርዝሮ ነበር። በዝርዝሩ ፊተኛ ያደረገው ደብዳቤ ማስጻፍን ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ የጠቀሰው ለዓይነ ስውራን የሚናገሩ መጻሕፍትን ነው። ሙዚቃን ያነሣው ከነዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡ ግን እስኪፈጸም ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ፤ የሚናገሩ መጻሕፍት በሸክላ ተቀርጸው መታደል የጀመሩት በአሜሪካ በ1934፣ በእንግሊዝም በ1935 ዓ.ም. ነው። በሸክላ ላይ የተቀረጸ ስሕተት ደግሞ አይፋቅም፤ አንባቢው በመጨረሻው ደቂቃ ቢሳሳት ያን የሸክላ ፊት ከመጀመሪያው አንሥቶ መድገም ነበረበት።

ስሕተትን ቆርጦ የማውጣት ዘመን የመጣው በቴፕ ነው። ፍሪትዝ ፕፍሎይመር የሚባል ሰው የብረት ዱቄት የተቀባ የወረቀት ክር ድምፅ ሊይዝ እንደሚችል በ1928 ዓ.ም. በጀርመን አገር ካስመዘገበ በኋላ፣ አ.ኤ.ጌ. የተባለው ኩባንያ በዚሁ ሐሳብ የሚሠራውን ማግኔቶፎን በ1935 ዓ.ም. በበርሊን የራዲዮ ትርዒት ላይ አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላም ጃክ ሙሊን የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ሁለት ማግኔቶፎንና 50 ጥቅል ክር ወደ አገሩ ወስዶ በ1946 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ዝነኛው ዘፋኝ ቢንግ ክሮስቢ የራዲዮ ዝግጅቱን በቴፕ እያስቀረጸና እያሳረመ ማሰማት ጀመረ።

አሁን የዚህን ሥራ አኳኋን ቀረብ ብለን እንመልከት። የስቱዲዮ ቴፕ በየሴኮንዱ 38 ሳንቲሜትር እየሮጠ ሲቀረጽ፣ ተናጋሪው ለአንድ ሴኮንድ ያሰማው ሳል 38 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ሆነ ማለት ነው። ለንግግር ብዙ ጊዜ የዚህ ግማሽ፣ 19 ሳንቲሜትር፣ ይበቃ ነበር። ባለሙያው ሁለቱን ጥቅሎች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያለ ያወዛውዛቸዋል። ቃሉም ተጎትቶ እንደ ማጉረምረም ይሰማል፤ ከዚያ ማጉረምረም ውስጥ የአንዱ ፊደል ድምፅ የሚነሣበትን ስፍራ ጆሮ ይለየዋል። እዚያ ላይ በሰም እርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ክሩን ቦይ በተበጀለት ብረት ውስጥ ያስተኛል፤ በብረቱ ላይ በሰያፍ በተከፈተው ስንጥቅም ምላጩን ያሳልፋል። ሰያፍ መሆኑ በከንቱ አይደለም፤ አንዱ ድምፅ ሲሄድ ሌላው ቀስ ብሎ እንዲተካ ያደርጋልና። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሞ በሚጣበቅ ቁራጭ ማያያዝ ብቻ ይቀረዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የዓይን ድርሻ ምን ያህል ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ከሰም እርሳሱ ምልክት በቀር ምንም የለውም፤ እርሱንም ክሩን በጣት ቆንጥጦ ወደ ብረቱ በማምጣት መተካት ይቻላል። ቦዩ ይዳሰሳል፤ ስንጥቁ ይዳሰሳል፤ ምላጩም በተሰመረለት መንገድ እንጂ በሌላ አይሄድም። ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነና እጁ የረጋ ዓይነ ስውር ከማንም ዓይናማ ሳያንስ ሊሠራው የሚችል ሙያ ነበረ።

በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ስቱዲዮዎች ምላጩን እየተዉ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገሩ። ድምፅ ክር መሆኑ ቀርቶ ቍጥር ሆነ፤ በሲዲ ልክ ሲቀረጽ አንዱ ሴኮንድ በአንድ መስመር 44,100 ቍጥሮች ይኖሩታል። ቍጥሩን የሚጨብጠው ጣት ስለሌለ፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ድምፁን በስክሪን ላይ እንደ ሞገድ ሥለው አሳዩት፤ የሚቆረጠውም ሥዕሉን በማውስ እየጎተቱ ሆነ። ለሚያይ ሰው ይህ ታላቅ ምቾት ነበር። ለማያየው ግን በጆሮው የያዘው ሥራ ወደ ዓይን ተላለፈበት። እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከሥራው የሚወጣው ሁልጊዜ በስንብት ደብዳቤ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የተፈረመው የዕቃ ግዢ ወረቀት ብቻ ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሆነው ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ በስክሪን ላይ የተጻፈውን በድምፅ ያነባል። ጂም ታቸር በአይ ቢ ኤም ኩባንያ በ1980ዎቹ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ሠራ። ቴድ ሄንተር የተባለው መሐንዲስና የሞተር ብስክሌት ተሽቀዳዳሪም በ1978 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ፣ በ1987 ከባልንጀራው ከቢል ጆይስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ጆዝ የተባለውን አወጣ። ጆዝ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው አይቀመስም። ማይክል ከራን የተባለ አውስትራልያዊ ዓይነ ስውር በ2006 ዓ.ም. ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውንና ያለ ዋጋ የሚታደለውን ፕሮግራም የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ባልደረባው የሆነው ጄምስ ቴህም ዓይነ ስውር ነው፤ ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው በዓይነ ስውራን የሙዚቃ ሠፈር ነበር።

ይሁን እንጂ ስክሪን ሪደር ጽሑፍን እንጂ ሥዕልን አያነብም። የሞገዱ ሥዕል ላይ ሲደርስ የሚለው የለውም። ቍልፍ ነገሩ ሥዕሉን ማስነበብ ሳይሆን ከነአካቴው አለመፈለጉ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱን ትእዛዝ ከማውስ አላቅቆ ለኪቦርድ መስጠት ነው። በ2000 ዓ.ም. ለሕዝብ የወጣውንና በነጻ የሚታደለውን ኦዳሲቲን እንመልከት። ሠራተኛው ረጅሙን የስፔስ ቍልፍ ሲነካ ድምፁ ይጫወታል። ሳሉ ሊጀምር ሲል የባለማዕዘን ቅንፍ መክፈቻን፣ ሲያበቃ መዝጊያውን ይጫናል፤ በመካከሉ ያለው ተመረጠ ማለት ነው። ከዚያ ሲ የምትባለውን ፊደል ቢነካ፣ ሳሉ ቢወጣ ንግግሩ እንዴት እንደሚገጥም ሳይቆረጥ በፊት ይሰማዋል። ካልጣመው ሺፍትን ከቀስት ጋር ይዞ ጫፉን ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሳል። ዜድን ሲነካ ደግሞ ጫፎቹ ሞገዱ ዜሮ ወደሚሆንበት ቅርብ ስፍራ ይሄዳሉ፤ ያለዚያ በመጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የምላጩ ሰያፍ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ይህች ፊደል ታግዘዋለች። ምላጭ ግን የሌለው አንድ ጸጋ አለ፤ ኮንትሮልና ዜድ አንድ ላይ ሲነኩ የተቆረጠው ሁሉ ወደ ስፍራው ይመለሳል።

ችግር የለም ማለት አይደለም። ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ሁለት ተናጋሪ ይሰማል፤ አንዱ የሚታረመው ሰው፣ ሁለተኛው ስክሪን ሪደሩ ነው። ስለዚህም አንዳንዱ አንዱን ድምፅ ለቀኝ፣ ሌላውን ለግራ ጆሮው ይሰጣል፤ ሲቀርጽም የስክሪን ሪደሩ ድምፅ በቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት። በአማርኛ ለሚሠራ ደግሞ ሌላ ተጨምሮበታል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና፣ በምልክት ላይ «አለ» ተብሎ የተጻፈውን መኪናው ተናገረ ይበለው ወይም ይገኛል ይበለው በጽሑፉ ብቻ ሊያውቀው አይችልም። እኛ ዐረፍተ ነገሩን አይተን እንፈታዋለን፤ መኪናው ግን ይገምታል።

ጄምስ ቴህ ከጊዜ በኋላ ሪፐር ለተባለው የስቱዲዮ ፕሮግራም ኦሳራ የሚባል ተጨማሪ ሠራ። ኦሳራ የድምፁ ከፍታ ሠራተኛው ከወሰነው መጠን ሲያልፍ በንግግር ያስታውቃል፤ ዓይናማው በመለኪያው ላይ የሚያየውን ለጆሮ ተረጎመው ማለት ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩ ዓይነ ስውራን ዛሬ ንግግርና ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያርማሉ።

ይህ ሁሉ የተያዘው ግን በቀጭን ክር ነው። አንድ ፕሮግራም በተሻሻለ ቍጥር በስክሪኑ ላይ አዲስ ሥዕላዊ መጫኛ ሊጨመር ይችላል። ለዓይናማው የመቀስ ሥዕሉ ይበቃዋል፤ የፕሮግራሙ ሠሪ ግን በውስጡ ስም ጽፎ ካልሰጠው ስክሪን ሪደሩ «በተን» ብሎ ዝም ይላል። ቀጥሎ ያለውም «በተን» ነው፤ የሚቀጥለውም። ትናንት አንድን ንግግር በአጭር ጊዜ አርሞ ያስረከበው ሠራተኛ፣ ዛሬ ስም የለሾቹን አንድ በአንድ እየተጫነ የትኛው እንደሚቆርጥ በጆሮው ሲፈልግ ያመሻል።