እስክንድርያን ፍለጋ፦ ስምንት ሰዓት በእግር

የክሩዝ መርከብ እስክንድርያ ወደብ ሲቆም የሚሆነው ሁሌም አንድ ነው። በሩ ገና ከመከፈቱ አብዛኛው ተሳፋሪ ወደተደረደሩት አውቶቡሶች ይሮጥና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ወደሚገኙት ፒራሚዶች ይነዳል። ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ፣ መሀል ላይ ከግመል ጋር ፎቶ። አይፈረድባቸውም። እስክንድርያ የታወቀችባቸው ነገሮች በሙሉ የሉም። ቤተ መጻሕፍቱ የለም (በ2002 የተከፈተው አዲሱ ሌላ ነው)፣ የመብራት ግንቡ የለም፣ የታላቁ እስክንድር መቃብር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ስምንት ሰዓት ብቻ ያለው ቱሪስት ለሌለ ነገር ምን ብሎ ይቀራል?

ሐበሻ ግን ለመቅረት ምክንያት አለው። ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ጳጳስ አምጡልን ብለን ደጅ የጠናነው "መንበረ ማርቆስ" የዚህች ከተማ መንበር ነው። እስክንድርያን በስሟ የምናውቃትን ያህል በመልኳ አናውቃትም። እናም አውቶቡሱ ይሂድ፤ እኛ በእግር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ "እኛ ጋ እኮ 1951 ነበር" የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፉልኝ።)

መርከቡ የሚቆመው በምዕራቡ ወደብ ነው። ከግቢው ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ልብስ የታጠበባቸው በረንዳዎች፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቆችና የታክሲ ጡሩምባ ይቀበሏችኋል። ይህን ሰፈር እየረገጣችሁ የምትሄዱት፣ ጥንት ባሕር በነበረ ቦታ ላይ ነው። እስክንድር በ331 ዓመተ ዓለም ከተማዋን ሲቆረቁር ፋሮስ የምትባለው ደሴት ከየብስ ተለይታ ነበር። በጥሊሞሳውያን ዘመን ወደ 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ መሻገሪያ ተሠራና ደሴቷን ከከተማው አገናኘ፤ ባሕሩንም ለሁለት ወደብ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ሥራውን የጨረሰው አሸዋ ነው። በየዘመኑ ከመሻገሪያው ግራና ቀኝ እየተከማቸ መሬት ሆነ፤ ቱርኮች ሲመጡ ሕዝቡ እዚያ ላይ ሰፈረ። የጥንቱ ከተማ ደግሞ ባዶ ቀረ። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ በዚያ ሁሉ ዝና ያገኘው ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበር።

መንሺያ አደባባይን ቶሎ እንለፈው። የመሐመድ ዓሊ የፈረስ ሐውልት አለ። ገማል አብደል ናስር ሐምሌ 26 ቀን 1956 ስዌዝ ካናልን የግብፅ አድርጌዋለሁ ብሎ ያወጀው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተማዋን ከተማ ያሰኟት ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና አይሁዶች ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ለናስር ወዳጆችም ለጠላቶቹም ረጅም ወሬ አለው፤ እኛ የምንሄደው ግን ትንሽ ወደፊት ነው።

ባሕሩ ዳር ስትወጡ ምሥራቁ ወደብ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይዘረጋል። ከማዶ የሚታየው ምሽግ ሡልጣን ቃይትባይ በ1470ዎቹ ያሠራው ነው። የቆመው ከመቶ ሜትር በላይ ይረዝም የነበረው የፋሮስ የመብራት ግንብ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ግንቡን የጣለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ የመጨረሻው ከባዱ የ1303ቱ ነበር። ድንጋዮቹ ዛሬም ከምሽጉ ሥር ውኃ ውስጥ ተኝተዋል።

የፈለግነው ቦታ ሴሲል ሆቴል ያለበት የሳዕድ ዘግሉል አደባባይ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ የዘንባባ ዛፍ፣ ሻይ። ታሪክ ነኝ የሚል ምንም ነገር የለም። ይሁን እንጂ እኔን ከመላው ግብፅ አንድ ቦታ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

እዚህ አካባቢ ቄሣርዮን የሚባል ቤተ መቅደስ ነበር። ያስጀመረችው ክሊዮፓትራ ስትሆን የጨረሰው ያሸነፋት አውግስጦስ ነው። ከፊቱ ሁለት ትልልቅ ሐውልቶች ቆሙ። ከሄልዮፖሊስ ተነቅለው የመጡ የፈርዖን ቱትሞስ ሣልሳዊ ሐውልቶች ናቸው፤ ያኔውኑ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበራቸው። ዛሬ አንዱ ለንደን ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ሌላው ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ይገኛል። ሮም ሄዶ በ2005 የተመለሰ ሐውልት ላለን ለእኛ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ልዩነቱ የእኛ የተዘረፈ፣ የእነዚህ ደግሞ የግብፅ ገዢዎች በስጦታ የሰጧቸው መሆናቸው ነው። ሰጪው ባለቤት ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደሱ የከተማዋ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ፓትርያርኩ አትናቴዎስ ነበር፤ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው። አትናቴዎስ "ገና ባልተመረቀው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ጸሎት መርቷል" ተብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ቆንስጣንዮስ ዘንድ ተከሰሰና መከላከያ ጻፈ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አክሱም የላከው ደብዳቤ ተካቷል። ለኢዛናና ለሳይዛና የተጻፈ ነው፤ ፍሬምናጦስን መልሱልን፣ አዲሱ አርዮሳዊ ጳጳስ ጊዮርጊስ እምነቱን ይመርምረው ይላል። የእኛ ክርስትና ገና በጠዋቱ የዚህች ከተማ ጠብ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ ቢያልቅ ይሻለን ነበር። በ415 የሒሳብና የፍልስፍና መምህሯን ሃይፓትያን ክርስቲያን ሁከተኞች ከሠረገላዋ ጎትተው ወደዚሁ ቄሣርዮን አስገብተው ገደሏት። ፓትርያርኩ ቄርሎስ ነበር። አዎ፣ መጽሐፈ ቄርሎስ በስሙ የሚጠራው፣ የሃይማኖታችን ትምህርት የቆመበት ቄርሎስ። እሱ ራሱ አዘዘ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ሆኖም የዘመኑ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ድርጊቱ በቄርሎስም በቤተ ክርስቲያኑም ላይ ነቀፌታ እንዳመጣ አልሸሸገም። አትናቴዎስን እያነሱ ሃይፓትያን መዝለል ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ሰው በእግሩ እዚህ ከመጣ ግን ያስቸግራል፤ ቦታው አንድ ነውና።

ከአደባባዩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ስትሄዱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል አለ። ሕንፃው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ2017 የሆሣዕና ዕለት በሩ ላይ በፈነዳ ቦምብ ከ15 በላይ ሰው ሞቶበታል። ትውፊቱ ወንጌላዊው ማርቆስ በዚህች ከተማ ሰማዕት ሆነ ይላል፤ ዐፅሙን ግን የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ወስደውታል።

ዐፅሙ ብቻ አይደለም የሄደው። ፓትርያርኮቹም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ አዛወሩ። የእኛ ነገሥታት ወርቅ አስይዘው ወደ "እስክንድርያ" የሚልኳቸው መልእክተኞች ከዚያ በኋላ የሚደርሱት ካይሮ ነበር፤ ሡልጣኑንም ፓትርያርኩንም ደጅ ለመጥናት። ጳጳስ ከሌለ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። አቡነ ሰላማ በ1841 እስኪመጡ ድረስ አገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ኖሯል። ከራሳችን ሰው እንዳንሾም የሚያግደን ደግሞ ፍትሐ ነገሥት ውስጥ የገባ፣ የኒቅያ ጉባኤ ቀኖና ነው የተባለ ሕግ ነበር። ኒቅያ በ325 እንዲህ ያለ ቀኖና አላወጣም። አንድ የሌለ ቀኖና፣ አንድ በስም ብቻ የቀረች ከተማ፤ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ስንት ንጉሥና ስንት ሊቅ እንደታሰረ አስቡት።

የመጨረሻው ግብፃዊ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ በ1950 ዐረፉ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ፣ ሰኔ 28 ቀን 1959 ደግሞ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ፤ የተሾሙትም ካይሮ ነው። በ1968 ቬኒስ የነበረው የማርቆስ ዐፅም በከፊል ወደ ግብፅ ተመለሰ። ለአዲሱ ካቴድራል ምረቃ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። ካቴድራሉ የተሠራው፣ ዐፅሙም ያረፈው ካይሮ ነው።